ከዳንግላ አዘና፣ ወደ ግራ በምታደላ መኪና

ሐሙስ፣ ንጋት፤ ዳንግላ

የአዘናን ገበያ አይቼ እጽፋለሁ ብዬ ለጋዜጣው አዘጋጅ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ይኸው የጻፍኩት ስለ ጎማ ነው። ጥፋቱ የአክስቴ ነው።

አክስቴ ጥሩወርቅ የምትኖረው አዘና ነው። ትናንት ዳንግላ አልጋ ይዤ ጋደም እንዳልኩ ደወለችና ሰላምታውን በወጉ ሳትጨርስ ሥራ ሰጠችኝ። "ጋሼሽ ዕቃ አድርሶ እዚያው ዳንግላ ነው የሚያድር። ነገ ከእሱ ጋር ነይ። ጋቢና ተቀመጪና እጁን እዪልኝ።"

"እጃቸው ምን ሆነ?"

"እሱን እኮ ነው እዪልኝ የምልሽ!" አለች። ወዲያው ኔትወርኩ ቆረጣት።

"ጋሼሽ" የምትለው ባሏን ጋሽ አየነውን ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ መሪ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። በክረምት ሌላ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ድረስ ሰውም፣ ዘርም፣ ማዳበሪያም የሚያደርሱት በአሮጌዋ ላንድክሩዘራቸው ነው።

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጉሙ ገና አልተነሣም። የጋሪ ፈረሶች አፍንጫቸው እየጨሰ ቆመዋል። ብርዱ የጉድ ነው። ጋሽ አየነው መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላሉ። መኪናዋን ዞር ዞር ብዬ አየኋት። የግራዎቹ ሁለት ጎማዎች ጥርሳቸው የገጠጠ ነው፤ የቀኞቹ ለስለስ ያሉ ናቸው። የሾፌር ነገር አይገባኝምና አለፍኩት።

"እንደምን አደሩ ጋሼ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አክስትሽ ናት የላከችሽ?"

"ኧረ በፍጹም! ገበያውን ልጽፍ ነው እንጂ!"

"ዓይንሽ ይናገራል" አሉና በሩን ከፈቱልኝ።

ሐሙስ፣ ረፋድ፤ አዲስ ቅዳም

ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ለእኔ ግን ረዘመብኝ። መኪናዋ ዝም ብላ ወደ ግራ ታደላለች። ጋሽ አየነው በሁለት እጃቸው መሪውን ወደ ቀኝ ይዘው ይታገላሉ፤ የእጃቸው ሥር ተገታትሯል። ትንሽ ላላ ካደረጉት ላንድክሩዘሯ የመሃሉን መስመር አልፋ ልትሄድ ትዳዳለች። አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ብቅ ሲል እግሬን ወለሉ ላይ ተከልኩት፤ ፍሬን ያለው በእኔ በኩል ይመስል! ጋሽ አየነው መሪውን ስብ አድርገው መለሷት።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ ጉሙ ተገፏል። የከሰል ጆንያ በመንገዱ ዳር ተደርድሯል፤ ከኋላው ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ እንደ ተዘራ እህል እኩል ቆሟል። አንዲት ሴትዮ ቤት ገባንና የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር፣ ሻይም ቀረበልን። የአዊ ድንች የት አገር ይገኛል! ትኩሱን እየላጥኩ ጣቴን አቃጠልኩ፤ ግን ማን ይተወዋል።

ጋሽ አየነው የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። ሳይበርዳቸው።

"አየሻት አይደል?" አሉኝ።

"ምኑን ጋሼ?"

"ተይ እንጂ! የታዘዝሽውን።" ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። መካኒክ አሳየኋት፤ አላይመንቱን ለካው፣ ከሥር ገብቶ አየ፣ 'ምንም የለባትም' አለኝ። ታዲያ እሷ ምንም ከሌለባት ማን ቀረ? እኔ ነኛ! እጄ ነው የደከመው። ቀኙ አልታዘዝ ብሎኛል።"

አንድ ቀን ከአክስቴ ጋር ከክርስትና ሲመለሱ፣ መኪናዋ ወደ ግራ አድልታ ከአንድ አውቶብስ ጋር ለጥቂት ተላለፉ። አክስቴ አስቁማ ወረደችና የቀረውን መንገድ በእግሯ ጨረሰችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በባጃጅ ትሄዳለች እንጂ የእሳቸው መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም።

"እሷ አልተሳሳተችም" አሉ። "ተነጋግረን ጨርሰናል። ዛሬ መኪናዋ እንጅባራ ዓመታዊ ምርመራዋን ታልፍና ቦሎዋን ትለጥፋለች። ማታ ቁልፉን አክስትሽ እጅ ላይ አኖራለሁ። ቅዳሜ ገዢ ይመጣል።"

"እና እርስዎስ?"

"እኔማ እቀመጣለሁ። ሽማግሌ ምን ይሠራል? ይቀመጣል።"

ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ከሰሉ ጆንያ አዞሩ። ለአክስቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ከወዲሁ አውቄያለሁ፤ ያየሁትን መካድ አልችልም። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሰጠችኝን ሴት በልቤ ረገምኳት።

ሐሙስ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ፤ እንጅባራ

እንጅባራ እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ ናት። ባጃጆቹ በላስቲክ ተሸፋፍነው ይርመሰመሳሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈዋል። የመኪና ምርመራው ግቢ ሰፊ ነው፤ ወረፋም አለው። ጋሽ አየነው ከሚያውቋቸው ሾፌሮች ጋር በአዊኛ እየተጨዋወቱ ቆዩ። እኔ ከአዊኛው የምለየው ሰላምታውን ብቻ ነው፤ የሚሣቁት ግን በከንፈራቸው ብቻ እንደሆነ ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም።

ተራችን ደረሰ። መርማሪዋ ጓንት ያጠለቀች ወጣት ሴት ናት። "አባባ፣ ሞተሩን ያጥፉልኝ" አለች።

"አባባ!" አሉ ጋሽ አየነው ወደ እኔ ዞር ብለው፣ በሹክሹክታ። "ሰማሽ? ዛሬማ ሁሉም ተማክሮብኛል።"

መብራት አየች፣ ፍሬን አየች፣ ፍሬቻ አየች። ደህና ነው። ከዚያ የግራው የፊት ጎማ ሥር ቁጢጥ አለችና ጭቃውን በጨርቅ ጠረገች። ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። ተነሥታ ወደ ቀኝ ዞረች፣ እንደገና ቁጢጥ አለች፣ ጠረገች፣ አነበበች። ተመለሰች።

"አባባ፣ ይህን ጎማ እንዲህ ማን ገጠመልዎት?"

"ጎሚስታው ነዋ። የወንድሜ ልጅ ከባሕር ዳር ከሁለት መኪና የወረዱ አራት ጎማ ባለፈው ክረምት ላከልኝ።"

"ግራና ቀኙ ለምን ተለያየ?"

ጋሽ አየነው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። ጠዋት ካገኘኋቸው ጀምሮ ኩራት ሲሰማቸው ያየሁት አሁን ነው። "ልጄ፣ ጽሑፉን አላየሽውም? ኤል ያለበት ሌፍት ነው፤ ግራ ገባ። አር ያለበት ራይት ነው፤ ቀኝ ገባ። ሁሉም በየቦታው ነው ያለው።"

መርማሪዋ መጀመሪያ አፈጠጠችባቸው። ቀጥላ በጓንቷ አፏን ያዘች። እውነቱን ለመናገር እኔም ትክክል ነው ብዬ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

"አባባ፣ የግራና የቀኝ አይደለም" አለች፣ ሣቋን ውጣ። "ይቺ ከቁጥሮቹ መጨረሻ ያለችው ፊደል የፍጥነት ናት። ኤል ያለው ጎማ በሰዓት እስከ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ይችላል። አር ያለው እስከ መቶ ሰባ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።"

ከዚያ ሕጉን አስረዳች፤ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ጎማ መኪናዋ ከፋብሪካ ከተሠራችለት ፍጥነት በታች መሆን የለበትም። ለጭቃና ለኮረኮንች የሚሠራ ጥርሳም ጎማ ግን ፊደሉ ዝቅ ቢልም ይፈቀድለታል፤ የጎማው ወሰን በሾፌሩ ዓይን ፊት ተጽፎ መለጠፍ አለበት፣ ሾፌሩም እሱን ማለፍ የለበትም። አራቱ ጎማዎች ካልተመሳሰሉም ዝቅተኛዋ ፊደል ለመኪናዋ በሙሉ ወሰን ትሆናለች። የፊት ሁለቱ ወይም የኋላ ሁለቱ እርስ በርስ ከተለያዩ ግን መኪናዋ አታልፍም።

ጋሽ አየነው ፍጥነቱን የሰሙትም አልመሰለኝ። ዓይናቸው ጎማው ላይ ተተክሏል።

"እና መሪው..." አሉ ቀስ ብለው። "ወደ ግራ መሳቧስ?"

"ትስባለቻ! ጥርሳሙ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ለስላሳው ቀለል ብሎ ይሽከረከራል። መኪናዋ ወደሚይዛት ነው የምትሄደው። ማንም ቢነዳት ትስባለች።"

"ማንም ቢነዳት?"

"እኔም ብነዳት።"

"እስቲ ንጃት" አሉና ቁልፉን ዘረጉላት። "አፈር ስሆን፣ ንጃትና ልይ።"

መርማሪዋ ወረፋውን አየች፣ ፊታቸውን አየች። ጓንቷን አውልቃ ገባች። ላንድክሩዘሯ የግቢውን ባዶ ቦታ ቀጥ ብላ ጀመረችው። ትንሽ እንደሄደች መርማሪዋ መሪውን ላላ አደረገችላት። መኪናዋ ወደ ግራ አደላች፣ ጨምራም አደላች።

"ሄደች!" ብለው ጮኹ ጋሽ አየነው። "ሄደች! ወደ ግራ! አየሻት?" እጄን ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። ሾፌሮቹ ሁሉ ዞረው አዩን። በምርመራ ለወደቀች መኪና እንዲህ የተደሰተ ሰው እዚያ ግቢ ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ ቀትር፤ ጎሚስታው ጋ

ጎሚስታው ከግቢው ማዶ ነው። ጎማዎቹን ያኔ የገጠመውም እሱ ራሱ ነው፤ ፈርጣማ፣ ተከራካሪ ሰው። የመጣንበትን ስንነግረው በቀላሉ አልተቀበለንም።

"የጆሮ ማዳመጫ ላይ ኤልና አር ምንድን ነው?" አለን። "ግራና ቀኝ! ጫማ እንኳ ግራና ቀኝ አለው!"

"ጎማ ጫማ አይደለማ!" አልኩት።

"ለመኪና ምኗ ነው ታዲያ?"

ጋሽ አየነው ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ጎሚስታውም ራሱን ሲያክ ቆይቶ ሣቀና ክሪኩን አነሣ። ለስላሶቹ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ጥርሳሞቹ ሁለቱ ወደ ኋላ ተዛወሩ። ለሥራው ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ማለ፤ በመጨረሻ ምሳ ጋብዘውት ተስማሙ።

መኪናዋ ተመልሳ አለፈች። መርማሪዋ ነጭ ወረቀት ላይ "ከ120 በላይ መንዳት ክልክል ነው" ብላ በትልቁ ጽፋ ከመሪው ፊት ለጠፈችው። ስንሰናበት "መልካም መንገድ፣ ጋሼ" አለቻቸው። ከአባባ ወደ ጋሼ! የወሬውን ትልቅነት ያየሁት ያኔ ነው።

ለአክስቴ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ደጋገምኩ። የለም።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የአዘና መንገድ

ከእንጅባራ ወጥተን ቀጥ ያለ ቦታ ስናገኝ ጋሽ አየነው ጣቶቻቸውን ከመሪው ላይ ከፈት አደረጉ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። መልሰው ያዙ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ከፈት አደረጉ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረጉት እንጃ፤ እኔም አልሰለቸኝም።

ኮረኮንቹ ላይ ስንገባ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ሲያዩት ቆዩ።

"ዓመት ሊሞላኝ ነው ይህን እጅ ስረግመው" አሉ። "ምንም ሳያደርገኝ።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። የእኔም ሞላ፤ አቧራው ነው ብዬ መስታወቱን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ የአዊኛ ዘፈን ማንጎራጎር ጀመሩ። በመስኮቱ ድንች የሚኮተኩቱ ሰዎች፣ ከቤት ሥር የታሰሩ ፈረሶች፣ የቀርከሃ አጥር ያልፋሉ።

ሐሙስ፣ ማምሻ፤ አዘና

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነው የጠበቀችን። ነጠላዋን አጣፍታለች፤ ማታ ጉባኤ ስላለ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነው። እኔን አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረችና፣ ሳትቆጣ፣ መዳፏን ዘረጋች።

ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገሩም። ቃል ቃል ነው፤ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እጇ ላይ አኖሩና መኪናዋን ተደግፈው ቆሙ። ወይ ጉድ! ለእኔ ተዉልኝ ማለት ነው።

"እህሳ?" አለችኝ አክስቴ። "አየሽው?"

"አየሁት። ጎማው ነው፣ አክስቴ።"

"የምን ጎማ?"

ፊደሎቹን፣ መርማሪዋን፣ ጫማና የጆሮ ማዳመጫውን ሁሉ ነገርኳት። መርማሪዋ ራሷ ነድታት ወደ ግራ እንደሄደች ስነግራት አክስቴ ባሏን አየቻቸው።

"እኔ እኮ እጅህ ነው ብዬ..." አለች። አልጨረሰችውም።

"እኔም እኮ" አሉ እሳቸው።

አክስቴ ቁልፉን እንደጨበጠች መኪናዋን ዞረች። የቀኙን በር ከፈተች፣ ነጠላዋን ሰበሰበችና ጋቢና ወጥታ ተቀመጠች። ከመሪው ፊት የተለጠፈውን ወረቀት ጎንበስ ብላ አነበበች።

"ከመቶ ሃያ በላይ ክልክል ነው!" አለች። "ስልሳ ነድተህ የምታውቅ ይመስል!"

ጋሽ አየነው እዚያው እንደቆሙ ናቸው። አክስቴ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ እጇን አወጣች፤ ቁልፉ ጣቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ምን ይገትርሃል? ጉባኤው ሊጀመር ነው፤ ና አድርሰኝ እንጂ።"