ለግንባር የተቀዳ ካሴት

የመጀመሪያ ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ቀበሌው ደግሞ የባሌን ታናሽ ወንድም ፈለገ። "ከአንድ ቤት ሁለት? የቀበሌው ጸሐፊ ሦስት ጎረምሶች ቤታቸው ተቀምጠው?" ብዬ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄጄ ጮህኩ። ሰሚ አጣሁ።

ዋርሳዬን፣ ያንኑ የባሌን ወንድም፣ ከጓዳ ጀርባ፣ ባሌ በሚሸምንባት ክፍል ደበቅነው። ለሰው አገር ቤት ገባ አልን። እሱም ሸማኔ ነው፤ እጁን አጣጥፎ መዋል አይሆንለትም። ከባሌ ጋር በተራ ይሠሩ ነበር። ለመንገደኛ የሚሰማው የአንድ ሰው ሥራ ነው። ደንባችን አንድ ነበር፦ ባሌ ከቤት ሲወጣ ሽመናው ይቆማል።

ከዚያ ቀበሌው ለዘማቾች በድምፅ የተቀዳ ካሴት እንልካለን አለ። "ቀድመን ግን እንሰማዋለን" አለን ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ። "ጠላት እጅ ቢገባ ልጆቻችሁን እንዳይጎዳ። ለደህንነታቸው ነው።"

ሌሎቹ እናቶች አጉረመረሙ። እኔ ተነሥቼ "የሁሉም እኩል ከተሰማ ምን አለበት?" አልኩ። ልጄን ከጥይት የሚያድነው ከሆነ እንኳን ካሴቱን፣ ቤቴንም ይስሙ ብዬ ነበር የማስበው።

በሰፈራችን ቴፕ የነበራት ሆስፒታል ጽዳት የምትሠራ ጎረቤታችን ናት። ዋርሳዬ እኛ ዘንድ መሆኑን ከቤተሰብ ውጭ የምታውቀውም እሷ ብቻ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ቴፑን አቅፋ መጣች።

"ተናገር እንጂ፣ ባትሪዬን ጨረስከው!" አለችው ባሌን።

"ከብረት ጋር ምን አወራለሁ?"

"ከልጅህ ጋር ነው። ሚስትህን ስትቆጣ አፍህ አይያዝም፤ ዛሬ ምን ነካህ?"

ሳቅን። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገና "ልጄ፣ ሥራዬን ትቼ እናትህ አጠገብ ተቀምጫለሁ" ብሎ ጀመረ። እኔም ተራዬ ሲደርስ እግርህን ከብርድ ጠብቅ አልኩት። ሌላ ልለው ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ።

ካሴቱን ለቀበሌ በሰጠሁ በአራተኛው ቀን ሦስት ሰዎች መጡ። ማንንም አልጠየቁም። በጓዳ አልፈው ዋርሳዬን ከሽመናው ላይ አስነሥተው፣ በባዶ እግሩ ይዘውት ወጡ።

ተከትያቸው ቀበሌ ድረስ ሄድኩ። "ማነው የነገራችሁ?" አልኩ።

ካሴት እንዲሰማ የተመደበው ጎልማሳ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነበር። የቀበሌውን ቴፕ ከፈተ። "ሥራዬን ትቼ እናትህ አጠገብ ተቀምጫለሁ" ይላል ባሌ። ከኋላው ሽመናው ይመታል፤ አንድም ጊዜ አያቋርጥም።

"እናቴ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እሳቸው እዚህ ከተቀመጡ፣ እዚያ የሚሸምነው ማነው?"

ሲቀዳ ሦስታችንም እዚያው ነበርን። ባሌ ከቤት ስላልወጣ አስቁመው ያለ የለም። ለነገሩ ያ ድምፅ ለእኛ ድምፅ አልነበረም፤ ከተወለድን ጀምሮ የምንሰማው ነው።

ቤት ስገባ ባሌ ግድግዳውን ይመታል። "እሷ ናት! ቴፕ ይዛ የገባችው ለዚህ ነው!"

እውነቱን ብነግረው ወንድሙን በገዛ አፉ አሳልፎ እንደሰጠ ማወቁ ነው። ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ዓመታት ቆየ። ልጄ ተመለሰ፤ ካሴት የሚባል ነገር አልደረሰውም ነበር። ዋርሳዬ አልተመለሰም። ባሌ ጎረቤታችንን ሰላም ሳይል ኖረ። እናቷ ሲሞቱ ለቅሶ አልሄደም፤ እኔንም ከለከለኝ፤ እኔም ቀረሁ። በሰፈራችን ለቅሶ ከመቅረት የከፋ ስድብ የለም። ሌላውም ሰው የእኛን ዓይን እያየ ሸሻት።

ባሌ ሲሞት እሷ መጣች። ሦስቱንም ቀን ከእንግዶቼ ጋር ተቀመጠች። ሰው ሲበተን ሁሉንም ነገርኳት።

"ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አውቅ ነበር።"

"እናቴን ስቀብርም?"

"ያኔም።"

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። እስከ በሩ ሸኘኋት፤ ዞር ብላ አላየችኝም።