የትራሱን ልብስ የጠለፈው እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሥራ ሺፍት ስለነበረባት፣ እዚህ ሜልበርን ታርኔት ሰፈር ወዳለው የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ለወላጆች ኢንተርቪው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሶስና አምስተኛ ክፍል ናት። መንገዱን ሙሉ "እማማ፣ ፕሊስ፣ ብዙ አትጠይቂ" ስትለኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከአይስክሬም እንጨት የተሠራ ድልድይ ተቀምጧል። ያንን ድልድይ አውቀዋለሁ። አባቷ ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ እየተመለሰ የምግብ ጠረጴዛችንን ይዞ ሲያጣብቀው አይቻለሁ። ሶስና ሙጫ አቀብላዋለች።

መምህሩ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ወጣት ነው። የሰጠኝ ወረቀት ላይ ሶስና የቻለችውና ገና የሚቀራት ነገር ተዘርዝሯል። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ደረጃዋ እዚያም የለም።

"ስንተኛ ናት?" አልኩት በዚያችው በምችላት እንግሊዝኛ።

ሶስና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "እማማ! ኖ! እዚህ እንደዚያ አይባልም።"

መምህሩ ሳቀና ልጅን ከልጅ ጋር እንደማያወዳድሩ ነገረኝ። እኔም ወደ ድልድዩ ጠቆምኩና "ይህንንስ ማን እንደሠራው ታውቃለህ?" አልኩት።

"እገምታለሁ" አለ። ቀጥሎም በአገሩ ስላለው ክርክር አጫወተኝ። ለብዙ ዘመን ተማሪ ከፈተና ውጭ የሠራው ሥራ በትልቁ ፈተና ውጤት ላይ ይደመር ነበር አለ። በኋላ ግን ያ አሠራር ከብዙው ትምህርት ተነሣና ሁሉም ነገር መጨረሻ ላይ አዳራሽ ውስጥ በሚሰጥ ፈተና ሆነ። አንዱ ወገን የማን እጅ እንደሠራው አይታወቅም ይላል። ሌላው ደግሞ ልጅ በአንድ ጠዋት አይመዘንም ይላል። "እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጣሉ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ስለ ትምህርት ማንም አስተያየት ጠይቆኝ አያውቅም። ላስብበት አልኩትና ወጣን። ያሰብኩት ግን ስለ እንግሊዝ አልነበረም።

እኔ ያደግሁት ከገብስ በቀር እህል በማይበቅልባት ብርዳማ የአርሲ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ የሁሉም ትምህርት ማርክ ሮስተር በሚባል ሰፊ ወረቀት ላይ ይደመርና ከአንደኛ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ልጅ ደረጃ ይወጣል። ሒሳብም ከመቶ፣ ጥልፍም ከመቶ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክፍልፋይና መርፌ ተደምረው የሚወጣው ቁጥር ስለ ልጅቷ ምን ይናገራል?

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ፣ ከሴቶች አንደኛ የምትወጣው አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች ተባለ። ቦታው ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው። እኔን ከዚያች ከተማ የሚያወጣኝ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ አባቴም ይህንን ሳይሸፋፍን ነግሮኛል። በሒሳብም በሳይንስም የሚስተካከለኝ አልነበረም። ከኋላዬ የምትከተለኝ አንዲት ልጅ ነበረች። ልጆቿ እዚሁ ሜልበርን ስላሉ ስሟን አልጽፍም፤ ማን እንደሆነች እነሱ ያውቃሉ።

የባልትና አስተማሪያችን እትዬ አስካለ ግንቦት ላይ ለእያንዳንዳችን ነጭ ጨርቅ ሰጡን። የትራስ ልብስ ጠልፈን ሰኔ ላይ እንድናስረክብ ነው። ጨርቁ ቤት ይሄዳል፤ ቤት ከሄደ ደግሞ የልጅቷ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አክስትም ጎረቤትም እጁን ያስገባል፤ ይህ እንደ ነውር የሚታይ ነገር አልነበረም። የእኔ እናት መርፌ የምትይዘው ጆንያ ለመስፋት ብቻ ስለነበር የራሴን ራሴ ጠለፍኩ። ቅጠሎቹ ተጨማደዱ። የዚያች ልጅ እናት ግን በከተማው የታወቁ ጠላፊ ናቸው።

በትምህርት መዝጊያ ቀን ስም ሲጠራ ሁለተኛ ሆንኩ። በሁለት ማርክ ነው የተበለጥኩት።

በማግስቱ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጭቃው ውስጥ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ገብስ እየቆሉ ነበር፤ ትኩሱን እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ።

"በዚህ ዝናብ ምን እግር ጣለሽ?"

"ጥልፉን እንዴት እንዳረሙት ልጠይቅዎ ነው።"

"አይ አንቺ! ነገ ደግሞ ቄሱን ቅዳሴውን እንዴት ቀደሱት ብለሽ ጠይቂያቸው።"

"የእሷን የጠለፉት እናቷ ናቸው እትዬ።"

"አውቃለሁ።"

ይክዳሉ ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። ቆሎው እጄ ላይ ቀረ።

"የአንገት ልብሴን የጠለፈችልኝ እኮ እናትየዋ ናት፤ እጇ የሚጠፋኝ መሰለሽ?"

"ታዲያ?"

"እኔ ያረምኩት ጨርቁን ነው። ዛሬ የማን እጅ እንደሆነ እያየሁ ካረምኩ፣ ነገ የማን ልጅ እንደሆነች እያየሁ አርማለሁ።"

ይህን ታሪክ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ሁልጊዜም እዚህ ላይ አቆማለሁ። ሰሚው ከንፈሩን ይመጥልኛል። ልጄ በቃሏ ታውቀዋለች።

እትዬ አስካለ ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። ከሣጥናቸው ቁራጭ ጨርቅ አወጡ። "ሮስተሩ ወደ አውራጃ የሚሄደው ከነገ ወዲያ ነው። ነገ ጠዋት ሁለታችሁም እዚህ ፊቴ ተቀምጣችሁ አንድ አንድ ቅጠል ጥለፉ። ማርኩን በእሱ አስተካክላለሁ። ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። ልጅቷ ቀድማኝ ደርሳ ተቀምጣለች፣ ለመሞከሪያ ይመስለኛል፣ መጥለፍ ጀምራለች። በአጥሩ ክፍተት ቆሜ አየኋት። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል፤ እጇ አይፈልግም፣ አይሳሳትም። የእናቷ እጅ ነው፤ ያ እጅ ግን እሷም ላይ ነበር። እትዬ አስካለ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ መንገዱ ተመለከቱ። እኔ ጎንበስ ብዬ ተመለስኩ።

እሷ አዲስ አበባ ገባች። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን የተማርኩት ከጋብቻም ከወሊድም በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው።

ለዚያ ወጣት መምህር መልሴን ሳስብ ሰነበትኩ። ቤት የተሠራውንም አዳራሹንም አልመርጥም፤ ልጁን አጠገብህ አስቀምጠህ ሲሠራ እይ እለዋለሁ። መርፌንና ሒሳብን ግን አትደምር። ያ ድምር በድሎኛል፤ በዚህ ላይ ሐሳቤን አልለውጥም። እትዬ አስካለንም ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽም። አንድ ነገር ግን ለማወቅ እጓጓለሁ። ገብቼ ብቀመጥ ኖሮ በስንት እበለጥ ነበር? ምናልባት በአንድ ማርክ፣ ምናልባት በሃያ። ያን ቁጥር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንዳይታወቅ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህንን ለልጄ ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ወሬ ለወጥኩ። መጻፉ ቀለለኝ።