«ሲስተም የለም» የማይባልበት መሥሪያ ቤት

ፍኖተ ሰላም ባለ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ኮምፒውተር ጠባቂ ነኝ። ገበሬው ያስገባው በቆሎና የወሰደው ማዳበሪያ የሚመዘገብበትን ዳታቤዝ ጧት ጧት እከፍታለሁ። ማሽኑ ስለ ራሱ የሚጽፈውን፣ እኛ ሎግ የምንለውን፣ አነባለሁ። ሊሞላ የተቃረበውን የፋይል ማከማቻ አጸዳለሁ፤ የዘገየውን አስተካክላለሁ። እኔ ጋ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሰው ተመልሶ አያውቅም። በዚህም የተነሣ ምን እንደምሠራ የሚያውቅልኝ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ስብሰባ በመጣ ቁጥር፣ «ሥራ ከፈታሽ» ብለው ወንበር እንዳስደረድር ይልኩብኝ ነበር።

የቡሬውን ቅርንጫፍ የያዘው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር። ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ወዳድ። ሎግ ማንበብ ግን እንደ ጾም ይከብደዋል።

በቆሎ በሚገባበት ወቅት የቡሬው ሲስተም ቆመ። ሥራ አስኪያጁ በመኪናቸው ይዘውኝ ሄዱ። ግቢው ጢም ብሏል፤ ከሽንዲ የመጡ ገበሬዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ላብ በላብ ሆኗል።

«ማስጠንቀቂያው ሲመጣልኝ ነበር» አለኝ እየሣቀ። «ነገ ነገ ስል ሞላብኝ።»

አላፈረም፤ አልደበቀኝም። ይኸው ነው የባሰ ያንገበገበኝ። የቱ ፋይል ቢጠፋ ጉዳት እንደሌለው እኔ እየነገርሁት እሱ አጠፋ። ማሽኑ ሲነሣ ወደ ሚዛኑ ሮጦ ወጣና መሥራቱን አበሠረ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከጆንያቸው ተነሡ።

«እጅህን ይባርከው፣ ልጄ። ክፉ አይንካህ።»

ግቢው በሙሉ አሜን አለ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አሜን አልሁ። ምርቃቱ ሰምና ወርቅ ቢኖረው እንኳ፣ ለእኔ ሰሙም አልደረሰኝም። ምሳ ላይ ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ያለ ለችግር ቀን የሚደርስ ወጣት ብርቅ እንደሆነ ደጋግመው ተናገሩ፤ እኔም ከእሱ እንድማር መከሩኝ። ስንመለስ ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ በመስኮት እርሻውን እያየሁ ሄድሁ። ብናገር ቅናቴ ከቃሌ ቀድሞ ይወጣ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ልጁ በሹመት አድጎ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ፤ እዚያ የሁለታችንም አለቃ በነበሩት ሰው ቦታ ተቀመጠ። ቡሬ ለእኔ ተደረበልኝ። ከፍኖተ ሰላም ሆኜ ሁለቱንም እጠብቃለሁ፤ ቡሬም መቆም ተወ። አንድ ቀን አሮጌ ኮምፒውተር ልቀይር ወደዚያው ወረድሁ። ሚዛን ላይ የሚሠሩት ሴትዮ ሲያዩኝ ማን እንደሆንሁ ጠየቁ። ነገርኋቸው።

«እንዴት ነው ሥራው፣ እትዬ?» አልኋቸው። ደኅና ሆነ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር።

«ምንም አይል» አሉ። «እሱ እያለ ግን ደስ ይል ነበር። ሲበላሽ መጥቶ ከእኛ ጋር ይውላል፣ ያጫውተናል። አንቺን እኮ አናይሽም፣ ልጄ።»

ክፋት የለባቸውም፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አጠገባችን በሌለ፣ ባሕር ዳር ባለ ሰው ቀናሁ። እንዳይበላሽ የደከምሁበት ነገር ሁሉ ከሰው ለይቶኛል፤ እሱን ግን ቸልታው እንኳ አስወድዶታል። ይህ ፍርድ የማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ቆመን ሳለን ስልኬ ጮኸ። የሳምንቱን ሪፖርት ሊጠይቀኝ እሱ ነበር የደወለው። ሴትዮዋ ድምፁን ከስልኩ ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ስልኩን ከእጄ ወስደው ልጆቹን፣ ጤናውን፣ የባሕር ዳርን ሙቀት ይጠይቁት ጀመር። ሌሎቹም ተሰበሰቡ፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ጆንያዎቹ አጠገብ ቆሜ ሣቃቸውን ሰማሁ።