የአንገት ቁልፍ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪናዋ ራሷን ታስተዳድር ነበር። ዝምታ ስለማይሆንላት ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» ይላታል።

የሰፈራችን የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር የተጀመረው በዚያው አዳራሽ ነው። ያቋቋሙት በጡረታ ላይ ያሉ የሙዚቃ ጓድ ከበሮ መቺ፣ ጋሼ ከበሮ የምንላቸው ሰው ናቸው። መንገድ ላይ የሚውሉ ልጆችን ሰብስበው መዝሙርና ሰልፍ ያስተምሩ ጀመር። ግን አንዱ በካናቴራ፣ ሌላው በአባቱ ኮት እየመጣ ሰልፉ ሰልፍ አልመስል አላቸው። ስለዚህ አክስቴ ዘንድ መጥተው የደንብ ልብስ ስፊልኝ አሏት። ጨርቁ የት አለ ብትላቸው ከአዳራሹ የወረደውን አሮጌ ሰማያዊ መጋረጃ ዘረጉላት።

«መጋረጃ ላለብሳቸው ነው?» አለች። ከዚያ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ፣ ከዘንድሮው ጨርቅ ይሻላል ብላ ተቀበለች።

ሸሚዞቹ ደረሱ፤ ቁልፍ ግን ጠፋ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤተሰቡ ልብስ ላይ አንድ ቁልፍ ፈትቶ እንዲያመጣ ተባለ። የአያት ካፖርት ቁልፍ መጣ፣ የእናት ሹራብ ቁልፍ መጣ። አክስቴ የመጣውን አንገቱ ላይ ተክላ፣ የቀረውን ከዚያው ጨርቅ በሠራችው ማሰሪያ አያያዘችው። ልጆቹም አንገታቸው ላይ ያለው የማን እንደሆነ እየተናገሩ መኩራት ጀመሩ፤ በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ።

አንዲት ልጅ ግን ባዶ እጇን መጣች። ወላጆቿ ሞተው ሰው ቤት ነበር የምትኖረው። ከማን ልብስ ላይ ልፍታ ብላ አንገቷን ደፋች። አክስቴ የያዘችውን ስፌት አስቀመጠች። ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ የባሏን ኮት አወጣች፤ ያን ኮት እኛ ቤተሰቦቿ እንኳ እንድንነካው አትወድም ነበር። አንዱን ቁልፍ በመቀስ ፈታችው።

«የማን ነው ካሉሽ፣ የአባቴ ነው በይ» አለቻት።

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ከአክስቴ ክፍል አልጠፋችም። መጀመሪያ ክር ልትለቅም፣ ኋላ እጅጌ ልትቀመቅም እየመጣች፣ በመጨረሻ ልብሷን ጠቅልላ ገባች። እኔም እህቴ እያልኳት አደግሁ።

ዓመታት አልፈው ለማኅበሩ የፋብሪካ የደንብ ልብስ ሲመጣ አክስቴ ታዝን ይሆን ብለን ፈርተን ነበር። እሷ ግን እጅጌውን ለክታ ሳቀች፤ ለግማሾቹ ልጆች ረዝሟል፣ ለግማሾቹ አጥሯል። ያን ሰሞን ክፍሏ ልብሳቸውን ሊያስተካክሉ በመጡ ልጆች ተጨናነቀ። እህቴ ትለካለች፣ አክስቴ ትሰፋለች፣ እኔ መርፌ አቀብላለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ የዚያን ሰሞኑን የሚያህል ግን አላስታውስም።