የጤናዬ ትንፋሽ

ጤናዬ ጤና የነበረው ስሟ ብቻ ነው። ናዝሬት ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይፒስት ሆና ስትሠራ ወገቧ ጠዋት ጠዋት ይነሳባታል፣ ንዴቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። እኔ ሳፊያ የዚያው ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የታይፕ ወረቀት ከዘገየባት እስከ ሰባት ቤት ዘሬ ትሰድበኝ ነበር። ክፋት የለባትም፤ ቶሎ ትፈርዳለች እንጂ።

ለወገቧ ሶደሬ ፍል ውሃ ገባች፣ ወጌሻ አሸው፣ አልሆነም። መድኃኒት የሆነቻት ህንዳዊቷ የሒሳብ አስተማሪ ሚስስ ናይር ናት። ዮጋ አስተማረቻት። ጎህ ሲቀድ ሰሌን አንጥፎ መንጠራራት፣ ከዚያ እግር አጣጥፎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ትንፋሽን ብቻ ማዳመጥ።

«ሰው ሲያናድድሽ መጀመሪያ ተንፍሺ፤ ከዚያ እይው። መፍረድ በኋላ» አለቻት በተሰባበረ አማርኛዋ።

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። አገሩ ሁሉ ትንፍሽ እንዳትሉ በሚባልበት ዘመን እሷ ተንፍሺ ትላለች!

ሳቄ ብዙ አልቆየም። የጤናዬ ወገብ ተሻለው፤ ስድቧም ቀነሰ። ወረቀት ሲዘገይባት በረጅሙ ትተነፍስና «ሳፊያዬ፣ ዛሬ ደክሞሻል መሰለኝ» ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ለካስ በጓሮዋ የቆርቆሮ አጥር ቀዳዳ የሚያያት ሰው ነበር። በማለዳ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበረች፤ ጴንጤ። ጴንጤ ደግሞ ለቀበሌው የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ ነው። ወሰዷት። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባት ከረመች። «ዮጋ ነው» ብትላቸው «የማን ድርጅት ነው?» አሏት። ሚስስ ናይር ኮንትራቷ አልቆ አገሯ ገብታለች፤ ምስክር የለም። በመጨረሻ በማስጠንቀቂያ ለቀቋት።

የባሰው የመጣው ከተፈታች በኋላ፣ በቀበሌው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ነው። እኔ የሌላ ቀበሌ ነዋሪ ስለሆንኩ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ እሷው ናት። በሩ ይዘጋል፣ ጥበቃው ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ የታዘዘውን ሳይናገር የሚወጣ የለም። የዚያን ቀን ተራው የፀሐይቱ ነበር። ፀሐይቱ ባሏ የሞተባት የጤናዬ ጎረቤት፣ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ናት። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር በጠፋበት ሰሞን «በጓሮ በር ስኳር ታወጣለች» የሚል ወሬ ተነስቶባታል። አንድ ምስክር ከተገኘ ሥራዋንም ታጣለች፣ ትታሰራለችም።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ጎበና ወደ ጤናዬ ዞረ።

«ጓድ ጤናዬ፣ አንቺ ጎረቤቷ ነሽ። ደግሞ ብታውቂው አይከፋም፤ ጴንጤ ናት ብላ የጠቆመችሽ እሷ ናት። በይ ሂስሽን አቅርቢ።»

ጤናዬ ስኳሩ ሲወጣ አይታለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ደሜ ፈላ፣ ጆሮዬ ጮኸ፤ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ተነፈሰች። ተነፈሰችና ፀሐይቱን አየቻት። ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ አጥብቃ ከመጠምጠሟ የተነሳ ጣቷ ደም አጥቶ ነበር።

«የማቀርበው ሂስ የለኝም» አለች ጤናዬ። «ልጆቿን ለማሳደግ የምትለፋ ሴት ናት። ስለ እኔም የተናገረችው ፈርታ ነው፤ አልፈርድባትም።»

ጎበና ፈገግ አለ።

«ሰማችሁ ጓዶች? የከሰሰውን ይቅር የሚል ማን ነው?»

«ጴንጤ!» አለ አንዱ ከኋላ።

እንግዲህ ፍረዱ። ብትከስ ሰው ታስበላለች፣ ብትምር ራሷን ታስበላለች። በየት በኩል ይወጣል?

ጎበና ወደ ፀሐይቱ ዞረ። «ጓድ ፀሐይቱ፣ ስትጸልይ አይተሻታል ወይስ ዋሽተሽናል?»

ፀሐይቱ እንባዋ ወረደ። «በዓይኔ በብሌኑ አይቻታለሁ» አለች።

ጤናዬን ከስብሰባው በቀጥታ ወደዚያው መጋዘን መለሷት።

እሑድ ምሳ ይዤላት ሄድኩ። ፀሐይቱ በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ይዛ በሩ ላይ፣ ሐሩሩ ውስጥ ቆማለች። የመሰከረችባት እሷ ስለሆነች አያስገቧትም። «እህቴ፣ እባክሽ ይቺን ብቻ አድርሺልኝ» አለችኝ። እኔ ዮጋ አልተማርኩም። ገላምጬያት አለፍኩ።

ጤናዬ ያመጣሁላትን ምሳ ስንቅ ከማይመጣላቸው እስረኞች ጋር ተካፈለችው፤ ለየሰዉ ከጉርሻ አላለፈም። ስለ ፀሐይቱ እየተንጨረጨርኩ ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች። አየር ስትስብ ሰማኋት።

«እኔም እኮ እጠላታለሁ፣ ሳፊያ» አለች። «ጠዋት ስነቃ እጠላታለሁ። ከዚያ ያ ጣቷ ይመጣብኛል። በይ ሂጂ፣ ዳቦውን ተቀበያት። እርቦናል።»

ወጣሁ። ፀሐይቱ እዚያው ቆማለች። ዳቦውን ተቀበልኳት፤ ሰላም ግን አላልኳትም።