ትሪ የያዘችው ሴት

አስጎብኚው በቀድሞው ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው የሥዕል ሙዚየም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳያዛንፍ አስጎብኝቷል። ማዛነፍም አይቻልም። የሚነገረው ሁሉ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም ተመቶበት ይሰጣል፤ ከዚያ ውጪ ትንፍሽ ያለ ይሰናበታል። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባው ስለ ንጉሡ አልጋ ከራሱ ጨመር አድርጎ ጎብኚ ሲያስቅ ተገኘና በማግስቱ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ለሳቅ!

ይኸው ጽሑፍ በሰባተኛው ክፍል ያለውን ትልቁን ሥዕል ሲያብራራ ልዕልቲቱን ይቅርና ውሻዋን እንኳ በስም ይጠራል። ከኋላ ትሪ ይዛ የቆመችውን ግን «ስሟ ያልታወቀ አገልጋይ» ብሎ ያልፋታል። ይህች ስሟ ያልታወቀ ሴት የአስጎብኚው እናት ናት። ሠዓሊው ደግ ሰው ኖሮ ግራ የእጅ አንጓዋ ላይ ካውያ ያቃጠላትን ጠባሳ ሳይቀር ሥሎላታል። ልጇ ስሟ እንዲጻፍ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቶ ሦስቴም «ማስረጃ የለም» ተባለ። ለውሻው ስም ማስረጃው ከየት እንደተገኘ የጠየቀ የለም።

ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ሲቀረው ቆረጠ።

«እማዬ፣ ነገ ትመጫለሽ። ስምሽን ሰው ፊት እጠራዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ።»

«ተው ልጄ፣ ጉድ ታፈላብኛለህ» አለች። አለች እንጂ ወዲያው የክት ቀሚሷን አውጥታ ተኮሰች።

በር ላይ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ጫማዋ ላይ የጨርቅ ሽፋን አጠለቁላት፤ ወለሉ እንዳይጫር። ያንን ወለል አሥራ አንድ ዓመት በጉልበቷ እየዳኸች ሰም ቀብታዋለች። ጎንበስ ብላ አየችውና «ሰሙን ሰስተውበታል» አለች፤ የሰማት አልነበረም።

ሰባተኛው ክፍል ሲደርሱ የሙዚየሙ ኃላፊ በጎን በር ገብቶ ከጎብኚዎቹ ኋላ ቆመ። ጽሑፉን ይዟል። አስጎብኚው ልዕልቲቱን አስተዋወቀ፤ ውሻዋን አስተዋወቀ። ከዚያ እናቱን አየ። አገጯን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች።

«ከኋላ የቆመችው...» አለ፣ «ከኋላ የቆመችው ስሟ ያልታወቀ አገልጋይ ናት።»

ፈሪ! እሱም ራሱን በልቡ የሰደበው በዚሁ ቃል ነው።

አንዲት ወጣት ጎብኚ ከሥዕሉ ወደ አሮጊቷ ዘወር አለች። «እማማ፣ እርስዎን አትመስልም?»

ኃላፊው አንገቱን አሰገገ። አስጎብኚው ዓይኑን ከእናቱ ወደ ኃላፊው አሻገረ።

እናቱ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባ ጠባሳውን ሸፈነች። «ኧረ ወዲያ፣ ልጄ!» አለች እየሳቀች። «ደግሞ እኔ የት፣ ቤተ መንግሥት የት!»

ሰው ሁሉ አብሯት ሳቀ። ኃላፊው ጽሑፉ ላይ የትክክል ምልክት አደረገ። አስጎብኚው በእጁ ወደ ስምንተኛው ክፍል አመለከተ፤ እናቱም ከሁሉ ኋላ፣ የጫማ ሽፋኗን እየጎተተች ተከተለችው።