ለክፉ ቀን የተቀመጠ ኦክቴን

አባቴ ቤንዚን ላይ የሚጨመር ኦክቴን አንድ ጠርሙስ ከአየር ጤና መለዋወጫ ሱቅ ገዝቶ፣ ለክፉ ቀን ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ሻጩ “መኪናዋ ጉልበት ታገኛለች” ብሎታል። ውሸታም! አሮጌዋ መኪናችን በተራ ቤንዚን እንድትሄድ የተሠራች ናት። ከፍ ያለ ኦክቴን የሚጠቅመው ለዚያ ተብሎ ለተሠራ ሞተር ነው፤ ለእሷ ጠብ የሚልላት ነገር የለም። ይህን ስነግረው “አንቺ ደግሞ የማታውቂው የለም” ይለኝ ነበር።

በሞተበት ቀን ጠዋት ትንፋሽ አጠረው። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ላደርሰው ከኋላ ወንበር አስተኛሁት። ሞተሩን ሳላስነሳ “ጠርሙሱን አምጪና ጨምሪባት” አለኝ። በዚያች ሰዓት! ደሜ ፈላ። ግን እሱ ካልተጨመረ እንደማንሄድ ፊቱ ላይ አየሁ። ሮጬ ገብቼ አመጣሁና እየተነጫነጭኩ ሙሉውን ገለበጥኩት።

መኪናዋ ዳገቱን እንደ ወትሮዋ እያቃሰተች ወጣች። ሚኒባሶች ጥሩንባ እየነፉብን ያልፉናል።

“አየሽ?” አለኝ ከኋላ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። “እንዴት እንደቀለላት።”

“አዎ አባዬ፣ በጣም ቀለላት” አልኩት።

ሌላ ነገር እንዲለኝ ስጠብቅ ዳገቱ አለቀ።